ከባሕር ጥልቀት እስከ ወገራ አምባ፦ የመተንፈሻ ግፊት መቆጣጠሪያን መጠገንና መመዘን

(በፋኩልቲው የሕዝባዊ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



 የንግግሩ ርዕስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ባልደረቦቼ «ባሕር በሌለው አገር፣ ያውም በደጋ፣ ስለ ጠላቂ ዋናተኛ መሣሪያ መናገር ምን ይጠቅማል?» እያሉ በቀልድም በቁም ነገርም ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ አጭር ነው፦ ጠላቂው በአፉ ነክሶት የሚወርደው መሣሪያና በሆስፒታሎቻችን በኦክስጅን ሲሊንደር አናት ላይ የሚታሰረው ሬጉሌተር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሁለቱም በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ጋዝን ለሰው ሳንባ በሚስማማ መጠን የሚያወርዱ የግፊት መቆጣጠሪያዎች ናቸው። ልዩነታቸው ጠላቂው መሣሪያውን ወደ ታች ይዞት ሲወርድ እኛ ወደ ላይ ይዘነው መውጣታችን ነው። አንዱ ወደ ቀይ ባሕር ጥልቀት፣ ሌላው ወደ አምባ ጊዮርጊስ ከፍታ።

ሌላም ልዩነት አለ። ጠላቂው መሣሪያውን ሳያስመረምር አይወርድም፤ ቢበላሽ የሚታፈነው እርሱ ራሱ ነውና። በሆስፒታል ግን መሣሪያውን የሚገዛው፣ የሚጠግነውና የሚተነፍስበት ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የሚተነፍስበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ መናገር የማይችል ሕፃን ወይም በጠና የታመመ ሰው ነው። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው አንድ ሐሳብ ነው፦ የመተንፈሻ መሣሪያ ጥራት የሚታወቀው በዋጋው ሳይሆን በልኬት ነው፤ ጥራቱ የሚዘልቀውም በጥገና መዝገብ ነው። ይህን ልማድ ከጠላቂዎች ዓለም መዋስ እንችላለን፤ እንዴት እንደሆነም ላስረዳ።

1. መሣሪያው ከየት መጣ?

የዚህ መሣሪያ ታሪክ በባሕር አይጀምርም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ ቤንዋ ሩኬሮል በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ በመርዛማ ጋዝ ለሚታፈኑ ሠራተኞች የሚሆን፣ በእስትንፋስ ፍላጎት የሚከፈት የአየር ማውጫ ሠራ። በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከባሕር ኃይል መኮንኑ ኦጉስት ዴኔሩዝ ጋር ሆኖ መሣሪያውን ለጠላቂዎች አስማማው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን በዘመኑ አየርን በከፍተኛ ግፊት አምቆ የሚይዝ አስተማማኝ ሲሊንደር ስላልነበረ ጠላቂው በአብዛኛው ከላይ በቱቦ ከሚገፋለት አየር ሊላቀቅ አልቻለም።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በኤር ሊኲድ ኩባንያ የሚሠራው መሐንዲስ ኤሚል ጋኛን በነዳጅ እጥረት ምክንያት መኪኖች በጋዝ እንዲሠሩ የሚያስችል መቆጣጠሪያ በእጁ ነበረው። የባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶ በ1942 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ አግኝቶት ፍላጎቱን ሲነግረው፣ ያንኑ መቆጣጠሪያ ለሰው እስትንፋስ አሻሻሉት። እንግዲህ መሣሪያው ከማዕድን ጉድጓድ ወደ ባሕር፣ ከመኪና ሞተር ወደ ሰው ሳንባ ተሻግሯል። ከባሕር ወደ ሕሙማን ክፍል ብናሻግረው እንግዳ ነገር አይሆንም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው የመጀመሪያው የውኃ ሙከራ ነው። ኩስቶና ጋኛን መሣሪያውን ፓሪስ አጠገብ በማርን ወንዝ ሞከሩት። ጠላቂው በአግድም ሲዋኝ መሣሪያው በደንብ ይሠራል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ግን አየሩ ያለ ልክ ይፈስሳል፤ ጭንቅላቱን ወደ ታች ሲደፋ ደግሞ መተንፈስ ይከብዳል። ምክንያቱን ሲመረምሩ የአየር ማስወጫው ቫልቭና ግፊትን የሚለየው ዲያፍራም በተለያየ ከፍታ ላይ መቀመጣቸው እንደሆነ ተገነዘቡ፤ በመካከላቸው ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት የግፊት ልዩነት ይፈጥራል። ማስወጫውን ወደ ዲያፍራሙ ሲያስጠጉት ችግሩ ተፈታ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። አንድ መሣሪያ በአንድ ሁኔታ በደንብ መሥራቱ በሌላው ሁኔታ በደንብ ለመሥራቱ ማስረጃ አይሆንም። መመዘን ያለበት ሰው በሚተነፍስበት ሁኔታ ሁሉ ነው። ይህን ነጥብ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ እንመለስበታለን።

2. አሠራሩ በአጭሩ

የጠላቂ ሲሊንደር ሲሞላ በአብዛኛው ከ200 እስከ 300 ባር ግፊት ይይዛል። አንደኛው ደረጃ፣ ማለትም በሲሊንደሩ አናት ላይ የሚታሰረው ክፍል፣ ይህን ግፊት ከከባቢው ግፊት በላይ ወደ 9 ወይም 10 ባር ያወርደዋል፤ ይህን የመሃል ግፊት እንበለው። ሁለተኛው ደረጃ፣ በአፍ የሚነከሰው ክፍል፣ የመሃል ግፊቱን ተቀብሎ ጠላቂው ወደ ውስጥ ሲስብ ብቻ አየር ይለቅቃል። የሕክምና ኦክስጅን ሬጉሌተር ደግሞ ሲሞላ ወደ 150 ባር ከሚይዝ ሲሊንደር ተነሥቶ ግፊቱን ወደ 3.5 ወይም 4 ባር ያወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ፍሎሜትሩ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚያልፍ ይወስናል።

በሁለቱም ውስጥ ያለው ሥራ የሦስት ኃይሎች ሚዛን ነው፦ የሞላው ኃይል፣ የጋዙ ግፊትና የከባቢው ግፊት። ሞላው ቫልቩን ሊከፍት ይገፋል፤ የወጣው ጋዝ መልሶ ሊዘጋው ይገፋል። ሁለቱ ሲተካከሉ ቫልቩ ይዘጋል። እዚህ ላይ «ከከባቢው ግፊት በላይ» የሚለውን ሐረግ ልብ በሉልኝ። መቆጣጠሪያው የሚያውቀው ልዩነትን እንጂ ፍጹም ግፊትን አይደለም።

3. ውዱ ከርካሹ በምን ይለያል?

በባሕር ጠላቂዎች ዘንድ ከፍተኛ ደረጃ የሚሰጣቸው መቆጣጠሪያዎች ዋነኛ መለያቸው አንደኛው ደረጃ «የተመጣጠነ» መሆኑ ነው። ይህን በቀላል ስሌት ላሳይ። የቫልቩ ቀዳዳ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ 150 ባር ግፊት በዚያች ቀዳዳ ላይ ወደ 47 ኒውተን የሚጠጋ ኃይል ያሳርፋል፤ ወደ 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ እንደተጫነበት ማለት ነው። ሲሊንደሩ አልቆ 20 ባር ሲቀር ይኸው ኃይል ወደ 6 ኒውተን ይወርዳል። ባልተመጣጠነ መቆጣጠሪያ ይህ ለውጥ በቀጥታ ወደሚወጣው ግፊት ይተላለፋል፤ እንደ ቫልቩ አቀማመጥም የሚወጣው ግፊት ሲሊንደሩ እያለቀ ሲሄድ ይቀንሳል ወይም ይጨምራል። በተመጣጠነው ግን ከፍተኛው ግፊት በቫልቩ ላይ ከሁለት ወገን በእኩል እንዲያርፍ ስለሚደረግ ለውጡ እርስ በርሱ ይጣፋል። ጠላቂው ከመጀመሪያው እስትንፋስ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት አየር ያገኛል።

ታዲያ ውዱን መግዛት መፍትሔ ነውን? በከፊል ብቻ። የተመጣጠነ መቆጣጠሪያ ተጨማሪ ኦ-ሪንጎች፣ ተጨማሪ ጠባብ መተላለፊያዎችና በትክክል የሚገጥሙ ክፍሎች አሉት። ስለዚህ ብዙ የሚያረጅ ነገር አለው፤ መለዋወጫውም ከአምራቹ ውጭ በቀላሉ አይገኝም። በአንድ ወቅት ሁለት የኦክስጅን ሬጉሌተሮች ጠረጴዛዬ ላይ ቀርበውልኝ ነበር። አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ በውድ የተገዛ፤ ሌላው ቀለሙ የለቀቀ አሮጌ። ሁሉም ሰው አሮጌውን ሊጥለው ዝግጁ ነበር። በግፊት መለኪያ ስንፈትናቸው አሮጌው ግፊቱን ይዞ ሲቆም፣ አዲሱ ፍሰቱ ተዘግቶም የሚወጣው ግፊት ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣ ነበር። በውስጡ ያለችው የቫልቭ ማረፊያ ተጭራለች። ዓይን ያላየውን ጌጁ አየው።

4. ጥገና

ብዙ የጠላቂ መሣሪያ አምራቾች በየዓመቱ ምርመራ፣ በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ ደግሞ ሙሉ ጥገና እንዲደረግ ያዝዛሉ። ሙሉ ጥገና ሲባል መሣሪያው ይፈታል፤ ኦ-ሪንጎች፣ የቫልቭ ማረፊያዎችና ማጣሪያው ይለወጣሉ፤ የብረት ክፍሎች ታጥበው በማጉያ መነጽር ይታያሉ፤ ተገጥሞ ይስተካከላል፤ በመጨረሻም ይለካል። የጎማ ክፍሎች የሚለወጡት ስለተበላሹ አይደለም፤ እስኪበላሹ መጠበቅ ስለማይገባ ነው።

በኦክስጅን ሬጉሌተር ላይ ግን ከጠላቂው የአየር መሣሪያ የበለጠ ጥብቅ ሕግ አለ፦ ዘይትና ቅባት ፈጽሞ አይነካውም። ምክንያቱን ተማሪዎቼ በስሌት ሊያዩት ይገባል። የሲሊንደሩ ቫልቭ በድንገት ሲከፈት በሬጉሌተሩ መግቢያ ያለው ጋዝ ከ1 ባር ወደ 150 ባር በቅጽበት ይታመቃል። ሙቀት ለመውጣት ጊዜ ካላገኘ በስሌት የጋዙ ሙቀት ከ900 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል። እውነተኛው ሙቀት ብረቱ ስለሚቀበለው ያንሳል፤ ሆኖም በንጹሕ ኦክስጅን ውስጥ ጥቂት ግራሶ፣ የቫዝሊን ቅሪት ወይም ቅቤ የነካ እጅ የተወው አሻራ ለመቀጣጠል በቂ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቫልቩ ቀስ ተብሎ ይከፈታል፤ እጅ ታጥቦ ይደርቃል፤ በአልኮል የራሰ እጅም አይነካውም። የሚያስፈልግ ቅባት ካለ ለኦክስጅን የተፈቀደው ልዩ ዓይነት ብቻ ነው። የሚያፈስ ማያያዣን በቴፕ ጠቅልሎ ወይም በኪያቤ ከልክ በላይ አጥብቆ ማስቆም ጥገና አይባልም፤ ችግሩን ሸፍኖ ማቆየት ነው።

5. ምዘና

የመሣሪያው ምዘና ከጥገናው የማይነጠል ነው። አራት ፈተናዎችን ላስቀምጥ።

የመጀመሪያው የማቆም ፈተና ነው። ሲሊንደሩ ይከፈታል፤ ፍሰቱ ይዘጋል፤ የሚወጣው ግፊት በትክክለኛ ጌጅ ይነበባል። ጤናማ መቆጣጠሪያ በሰኮንዶች ውስጥ ይቆምና ባለበት ይቀራል። ግፊቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ ሽቅብ ከተንፏቀቀ የቫልቭ ማረፊያው አይዘጋም ማለት ነው። ይህ የጉዳት ዓይነት ድምፅ ስለሌለው አደገኛ ነው።

ሁለተኛው በሙሉና በሚያልቅ ሲሊንደር ላይ ደጋግሞ መለካት ነው። በሙሉ ሲሊንደር ብቻ የተመዘነ ሬጉሌተር በማርን ወንዝ በአግድም ብቻ እንደተሞከረው መሣሪያ ነው።

ሦስተኛው የመክፈቻ ጥረት ነው፤ ይህ በእስትንፋስ የሚከፈቱ መሣሪያዎችን ይመለከታል። በደንብ የተስተካከለ የጠላቂ ሁለተኛ ደረጃ ከ2.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውኃ በሚያህል ስበት ይከፈታል። የአውሮፓው መለኪያ ኢኤን 250 ደግሞ መሣሪያው በ50 ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ 62.5 ሊትር አየር ሲተነፈስበት፣ ለእያንዳንዱ ሊትር ከ3 ጁል ያልበለጠ የመተንፈስ ሥራ እንዲጠይቅ ይወስናል። ልብ በሉ፦ «ጥሩ ነው» ወይም «ቀሎኛል» አይልም፤ ቁጥር ያስቀምጣል። የመክፈቻ ጥረትን ለመለካት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። በሳንቃ ላይ በ«ዩ» ቅርጽ የታሰረ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ፣ ጥቂት ቀለም የገባበት ውኃና ማስመሪያ ይበቃሉ።

አራተኛው የማፍሰስ ፈተና ነው፤ በሳሙና አረፋ ይደረጋል። ቀላል ስለሆነ ይናቃል። አንድ ትልቅ ሲሊንደር ወደ 7,000 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል እንበል። ማያያዣው በደቂቃ ግማሽ ሊትር ቢያፈስ ሲሊንደሩ ማንም ሳይጠቀምበት በ10 ቀን ውስጥ ባዶ ይሆናል። ለአንድ አራስ ሕፃን በአፍንጫ ቱቦ የሚሰጠው የኦክስጅን ፍሰት በደቂቃ ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ነው። እንግዲህ ያች በአረፋ ብቻ የምትታይ ቀዳዳ ሌት ተቀን የአንድ ሕፃን ድርሻ እየተነፈሰች ነው ማለት ነው።

6. አምባ ጊዮርጊስ ላይ

አሁን ወደ ደጋችን እንውጣ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የወገራዋ አምባ ጊዮርጊስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አላት። በዚያ ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት ወደ 0.7 ባር ይወርዳል። በሳንባ ውስጥ የሚጨመረውን የውኃ እንፋሎት ቀንሰን ብናሰላ፣ ሰው ወደ ውስጥ የሚስበው አየር የኦክስጅን ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። በሳንባ ምች የተያዘ ሕፃን በባሕር ዳርቻ ካለ ሕፃን ይልቅ እዚያ በጠባብ ትርፍ ላይ ቆሟል።

መሣሪያውስ? መቆጣጠሪያው የሚያውቀው ልዩነትን ብቻ ነው ብዬ ነበር። 3.5 ባር የሚሰጥ ሬጉሌተር በባሕር ጠለል ፍጹም ግፊቱ 4.5 ባር ነው፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ 4.2 ባር ነው። ጌጁ በሁለቱም ቦታ ያንኑ 3.5 ያሳያል። ፍሰቱ በቋሚ ቀዳዳዎች በሚመረጥበት ሬጉሌተር ላይ የሚያልፈው የጋዝ መጠን ይህን ፍጹም ግፊት ስለሚከተል፣ ታካሚው መሣሪያው ከሚለው በ7 ከመቶ ያህል ያነሰ ኦክስጅን ያገኛል። የፍሰት መክፈቻው ከመስታወቱ ቱቦ በፊት በሆነበት ፍሎሜትር ደግሞ በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ በከባቢው ግፊት ላይ ስለሆነ፣ ጉድለቱ በስሌት ወደ 16 ከመቶ ይደርሳል። መክፈቻው ከቱቦው በኋላ በሆነበት ግን 3 ወይም 4 ከመቶ ብቻ ነው። ሁለቱ ባለ መስታወት ቱቦ ፍሎሜትሮች ከውጭ ሲታዩ ተመሳሳይ ናቸው። ሐኪሙ የሚያዝዘው «2 ሊትር» አንድ ነው፤ ለታካሚው የሚደርሰው ግን ሦስት ዓይነት ነው።

እርግጥ ጥንቁቅ ሐኪም በፐልስ ኦክሲሜትር እየተመለከተ ፍሰቱን ይጨምራል፤ ስለዚህ ጉድለቱ ሊታረም የሚችል ነው። ነገር ግን ኦክሲሜትር በሌለበት ክፍል፣ ወይም ሲሊንደሩ ስንት ሰዓት እንደሚያደርስ በሚሰላበት ሌሊት፣ ይህን አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል።

የወገራ ውርጭም የራሱ ትምህርት አለው። በቀን በ20 ዲግሪ 150 ባር ያነበበ ሲሊንደር፣ ሌሊት 5 ዲግሪ ሲደርስ ምንም ሳያፈስ 142 ባር ያህል ያነባል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ጤናማውን ሬጉሌተር «ያፈስሳል» ብሎ ይፈታዋል፤ ወይም በተቃራኒው እውነተኛውን ማፍሰስ «ብርዱ ነው» ብሎ ያልፈዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ግፊት ሲመዘገብ የክፍሉ ሙቀትም አብሮ ይመዝገብ።

7. ምን እናድርግ?

ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ የሕክምና ኦክስጅንና የፐልስ ኦክሲሜትሪ ማስፋፊያ ፍኖተ ካርታ አውጥቷል። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ኦክስጅንን ለደም ኦክስጅን እጥረት ሕክምና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አሰፈረ። ኮቪድ-19 ሲመጣ ደግሞ ጉዳዩ ለሁሉም ሰው ግልጽ ሆነ። ሆኖም ውይይቱ ሁልጊዜ የሚያተኩረው በማምረቻውና በሲሊንደሩ ላይ ነው። ኦክስጅን መድኃኒት ከሆነ መጠኑን የሚለካው ሬጉሌተር የመርፌው ሲሪንጅ ነው፤ ምልክቶቹ የተዛቡ ሲሪንጅ ደግሞ ማንም አይቀበልም።

ስለዚህ አራት ነገሮችን ለዚህ ጉባኤ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሬጉሌተር መለያ ቁጥርና የራሱ የልኬት መዝገብ ይኑረው፤ ቀን፣ ሙቀት፣ የሚወጣ ግፊት፣ የማቆም ፈተና ውጤትና የተለወጠ ዕቃ ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ ግዥ ስንፈጽምም ሆነ ስጦታ ስንቀበል የመለዋወጫ ስብስቡንና የጥገና መመሪያውን አብረን እንጠይቅ፤ ማያያዣውም ከሲሊንደሮቻችን ጋር መግጠሙን አስቀድመን እናረጋግጥ። ዋጋው ከፍ ያለና መለዋወጫ የሌለው መሣሪያ ከመካከለኛውና በመዝገብ ከሚጠገነው አይበልጥም። ሦስተኛ፣ ተማሪዎቻችን ቢያንስ አንድ ሬጉሌተር ፈትተው፣ ገጥመውና በሁለት ከፍታዎች ላይ ለክተው ሳያዩ አይመረቁ፤ ጎንደርና አምባ ጊዮርጊስ በመኪና አንድ የማለዳ መንገድ ናቸው፤ ተፈጥሮ የሰጠችን ቤተ ሙከራ ነው። አራተኛ፣ በደጋ የሚገኙ ተቋማት ፍሎሜትራቸው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለይተው በላዩ ላይ ምልክት ያድርጉ።

ከእነዚህ አንዳቸውም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ትክክለኛ ጌጅ፣ የሳሙና ውኃ፣ ደብተርና የማይሰለች ሰው ነው። ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ነው።

ይህ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲመሠረት የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ለመላክ ነበር። የዚያ ዓላማ ወራሾች ነን የምንል ከሆነ፣ ዕውቀታችን የሚመዘነው በዚህ አዳራሽ በሚነገረው ሳይሆን በወገራ ሌሊት፣ በአንዲት ሲሊንደር አናት ላይ፣ ጌጁ እውነት በመናገሩ ነው።